ከእሪ በከንቱ ወደ ኮምቦልቻ ስንት ብር ነው?



«ከዚህ ከተማ ወጥተን ኑሮ የሚቀልበት አገር ብንገባስ?» የሚለው ጥያቄ ካምፓስ አካባቢ ካሉ ቤተሰቦቻችን ቤት ከገባ ቆይቷል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ከደረሰ ወዲህ ከዶሮ ማነቂያ እስከ እሪ በከንቱ ስለ መልቀቅ ሳይወራ የዋለበት ቀን የለም። ቤታቸው ለፈረሰባቸው የቀበሌ ቤት ባለ ውሎች በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ምትክ ተሰጥቷል። በቀበሌ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ልጅ ያሳደገ ሰው ግን ስሙ ውሉ ላይ ስለሌለ የሚቀረው ሌላ ኪራይ መፈለግ ነው። የአዲስ አበባን ኪራይ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። (የሰፈሩ ስም ራሱ «ብትጮህም ሰሚ የለህ» ማለት መሆኑ ለቀልድ ይመቻል፤ ቀልዱን ግን ለነዋሪዎቹ እንተወው።)

ከመካከላችን ብዙዎቹ ኢንጂነሪንግ ስለምናጠና ወላጆቻችን «እስቲ አስላልን» ማለታቸው አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ቀን ነው። መድረሻችን ኮምቦልቻ ትሁን። ከአዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴም አጠገቧ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት፤ ከፒያሳና ከመርካቶ ሰውም ሥሩ ወሎ የሆነ ብዙ ነው። አዳማን፣ ሐዋሳን ወይም ድሬዳዋን የሚያስብ ሰው ስሌቱን እንዳለ ወስዶ ቁጥሩን ብቻ ይቀይር።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከኪራይ ነው። «እዚህ 9,000 እንከፍላለን፣ እዚያ 4,000 ነው፣ በወር 5,000 ተረፈን» ይባላል። መሄጃው 60,000 ብር ቢፈጅ በ12 ወር ይመለሳል ማለት ነው፤ ደስ ይላል። ችግሩ ቤተሰብ በኪራይ ብቻ አለመኖሩ ነው። የገባውና የወጣው ሁሉ በሁለት ዓምድ መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ዓምድ እዚህ፣ ሌላው እዚያ።

አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲያመቹ እኛው ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዟቸው። እዚህ በወር 18,000 ይገባል፣ 19,000 ይወጣል፤ የጎደለው 1,000 በዱቤና በዘመድ ይሞላል። እዚያ 13,000 ይገባል፣ 11,500 ይወጣል፤ 1,500 ይተርፋል። ከ1,000 ጉድለት ወደ 1,500 ትርፍ መሄድ በወር የ2,500 ብር ለውጥ ነው። 60,000ውን ለ2,500 ስናካፍለው 24 ወር ይመጣል። በኪራይ ብቻ ሲሰላ አንድ ዓመት የነበረው ሁለት ዓመት ሆነ። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያለ ሥራ ቢያልፉ ይገባ የነበረው 26,000 ይቀራል፤ ወጪው 86,000 ይሆንና መመለሻው ወደ 34 ወር ይጠጋል። ቢሆንም አንሄድም የሚያሰኝ አይደለም፤ እዚህ ያለው ጉድለት በየወሩ የሚደጋገም ዕዳ ነውና። ነገር ግን ሦስት ዓመት የማይቆይበት ሰው ባይነሣ ይሻለዋል።

ገቢ ከሚለው ዓምድ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የደመወዝ ሠራተኛ ዝውውር ካገኘ ደመወዙን ይዞ ይሄዳል። የፒያሳ ሰው ገቢ ግን አብዛኛው ከቦታው ጋር የተሰፋ ነው። እናት እንጀራ ጋግራ ለሦስት ምግብ ቤት ታስረክባለች፤ አባት ከወርቅ ቤቶቹ አካባቢ አይጠፋም፤ ታላቅ ወንድም በኒን መስጂድ በር ላይ ከጁሙዓ በኋላ ይሸጣል። እነዚህን ገቢዎች አይሱዙ ላይ መጫን አይቻልም። እንጀራ መጋገር ሙያ ነው፤ ሙያው ይሄዳል፣ ደንበኛው ግን ይቀራል። ስለዚህ በአዲሱ ከተማ ዓምድ ላይ የምንጽፈው ገቢ «እዚህ የምናገኘው ሲቀነስ ጥቂት» መሆን የለበትም። «ማን ይገዛናል? ማን ይቀጥረናል?» ለሚለው ጥያቄ የሰው ስም ካልተገኘ ለጊዜው ዜሮ ተብሎ ይጻፍ።

ዱቤም ገቢ ባይሆንም እንደ ገቢ ያገለግላል። ሃያ ዓመት የሚያውቃችሁ ባለሱቅ ወር እስኪደርስ ዘይትና ስኳር ይሰጣችኋል፤ አዲስ ሰፈር ላይ ይህ ቢያንስ ለጥቂት ወራት የለም። ዕድርም እንዲሁ ነው። ለዓመታት የከፈላችሁት በብር አይመለስም፤ በአዲሱ ዕድር መመዝገቢያ ይከፈላል። ይህን ወጪ ማንም አይጽፈውም።

በወጪ በኩል ደግሞ ርካሽ ከተማ ሁሉን ነገር አያረክስም። ኪራይ ይቀንሳል። በአካባቢው የሚመረተው እህል፣ አትክልትና ወተት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በከተማው ውስጥ በእግር ስለሚኬድ የታክሲ ወጪ በጣም ይቀንሳል። ዘይት፣ መድኃኒት፣ ስልክና መለዋወጫ ግን ከውጭ የሚመጡ ስለሆኑ አይቀንሱም፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የእነዚህ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር የታሰረ ነው፤ ርቀት ሲጨመርበት እንዲያውም ሊወደድ ይችላል። የአየር ጠባዩም የራሱ ሒሳብ አለው። ድሬዳዋ ስትገቡ ብርድ ልብሱ ትርፍ ይሆናል፤ ቬንትሌተር ግን ግዴታ ነው፣ ውኃውም ጠጣር ስለሆነ ማሰሮውንና ጀበናውን ኖራ ያስይዛል። ደሴ ብርድ ናት፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች።

አሁን ወደ 60,000ው። እንዲህ ከፋፈልነው፦ የጭነት መኪና 28,000፣ ጫኝና አውራጅ በሁለቱም ጫፍ 6,000፣ የአምስት ሰው ትራንስፖርት 9,000፣ አስቀድሞ ቤት ለማየት የሚደረግ ጉዞ 6,000፣ ደላላ 4,000፣ ለአዲሱ ቤት ቁልፍ፣ መብራትና ጥገና 4,000፣ ላልታሰበ ነገር 3,000። ከእነዚህ ውስጥ ልንቀንሰው የምንችለው ትልቁ መኪናው ነው። ከወሎ እህል ጭኖ እህል በረንዳ ያራገፈ አይሱዙ ባዶውን ከሚመለስ ጥቂትም ቢሆን ቢያገኝ ይወዳል፤ ተመላሽ መኪና ማለት ይህ ነው። ቀኑን እሱ ይመርጣል፣ ዋጋውን እናንተ ትከራከራላችሁ። አውራጁን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ በር ድረስ ይግባ ወይስ አስፋልት ላይ ያራግፍ፣ ሳይጫን በፊት መነጋገር ነው፤ የሰፈር ጠብ ግማሹ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ምን ይጫን የሚለውንም ማስላት ይቻላል። የመኪናው መጫኛ 5 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋት ቢኖረውና እስከ 2 ሜትር ከፍታ ቢጫን 20 ሜትር ኩብ ይይዛል። 28,000 ለ20 ሲካፈል የአንድ ሜትር ኩብ ቦታ ዋጋ 1,400 ብር ነው። 3 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሶፋ ለመሄድ ብቻ 4,200 ብር በላ ማለት ነው። ሶፋው እዚህ ቢሸጥ የሚያወጣው 4,000፣ እዚያ ተመሳሳዩ ያገለገለ 7,000 ከሆነ ልዩነቱ 3,000 ነው፤ መሸጡ ያዋጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የስፌት መኪና፣ የሥራ ዕቃ ግን ቦታቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው በየቀኑ ነው፤ አስቀድመው ይጫኑ። ፍሪጅ ቆሞ ይጓዝ፤ ከወረደም በኋላ ወዲያው አይሰካ፣ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። እናቶቻችን የቡፌ ዕቃ ላይ ስሌታችንን አይቀበሉም፤ እዚያ ላይ ባንከራከር እንመክራለን።

መኪናውና ትራንስፖርቱ ከተከፈለ በኋላ እጅ ላይ መቅረት ያለበት ገንዘብም አለ። ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ፣ በምሳሌያችን 34,500 ብር፣ ሳይነካ ይቀመጥ፤ የቤት ኪራዩ ቅድመ ክፍያ እዚሁ ውስጥ ይታሰባል። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት መኖር ያለበት 94,500 ነው።

ከየት ይመጣል? በእጅ ያለ እቁብ ካለ ዕጣ ሳይወጣ አለመነሣት፣ ወይም ዕጣ የወጣለትን ወንድም ለምኖ ተራ መቀያየር ነው። በልታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቀሪውን መክፈል አማና ነው፤ በሞባይል ባንክ የሚላክበትን ቀን ከሰብሳቢው ጋር ተጻጻፉ። ከዘመድ የሚገኝ ቀርድ ሐሰን ካለም መጻፍ ነው፤ ዕዳን መጻፍ በሱረቱል በቀራ 282ኛ አያ የታዘዘ ነገር ስለሆነ «ለወንድምህ እንዲህ ትሆናለህ?» የሚል ሰው አያሳፍራችሁ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረው ዘምዘም ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችን ተስፋ የሚያደርጉም አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ፤ ሙራበሓ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ የሚሸጥበት ውል ነው። ለስፌት መኪና ወይም ለእንጀራ መጋገሪያ ሊያገለግል ይችላል፤ ለጫኝና ለአውቶቡስ ቲኬት ግን የሚሸጥ ዕቃ ስለሌለ አይሆንም።

ቤት ሳይታይ አይከራይም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ጥቂት ቀን ይደር፤ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ይጠይቅ፤ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ ይመልከት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። በክልል አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ መድረሻችሁ ከነዚህ መሆኗን ጠይቁ፤ ባትሆንም የጽሑፍ ውል ከመያዝ የሚያግዳችሁ የለም።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ከወረዳ መሸኛ፣ ከትምህርት ቤት የልጆች ማስረጃ። የጤና መድን ካርድ ያለው በአዲሱ ቦታ እንዴት እንደሚቀጥል ይጠይቅ። የመማሪያ ቋንቋው ምን እንደሆነ ልጆቹን ይዞ ከመሄድ በፊት ማጣራት ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ወይም ለ40/60 ተመዝግቦ እየቆጠበ የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን መሸኛ ከመጠየቁ በፊት ቆም ይበል፤ ነዋሪነቱን ሲያስረክብ ምዝገባው ምን እንደሚሆን ከሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ ይወቅ። የመሸኛው ወረቀት ከወጣ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

የሚነሡበትን ወር ትምህርት ቤት ይወስነዋል፤ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ያለው ለልጆቹ ይመቻል፣ ክረምት ስለሆነ ግን ሸራ የሌለው መኪና አይያዝ። ረመዳን ውስጥ ባይሆን መልካም ነው፤ ጫኙም ጿሚ ነው። ወደ ወሎ የሚወስደው መንገድ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ምክንያት አንዳንዴ ስለሚዘጋ፣ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት በመስመሩ የሚመላለስ ሹፌር ይጠየቅ፤ ሴቶችና ልጆች ከዕቃው ጋር ሳይሆን በቀን በሚሄድ አውቶቡስ ይጓዙ። መንገድ ላይ ሶላት ያሳጥራሉ፤ ለመኖር ብለው ከገቡ በኋላ ግን ነዋሪ ስለሆኑ ሙሉ ይሰግዳሉ፤ ይህን የሚጠይቀን ስለበዛ ነው የጻፍነው።

ባለ ሁለት ዓምዱን ሠንጠረዥ በኤክሴል ሠርተነዋል። ቤተሰቡ እያሰበ ያለ እህት ወይም ወንድም ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ ወላጆችም አብረው ቢመጡ ቁጥሩን ከእነሱ በላይ የሚያውቀው ስለሌለ ደስ ይለናል።