ካርዱ በምን ቋንቋ ታተመ?



በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጆች በየትምህርት ቤቱ የሚለዋወጧቸውን ባለ ሥዕል ካርዶች ሳታዩ አትቀሩም። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ሥዕል ያለበት ካርድ ይዘው ለአንደኛው ጥቂት ዶላር፣ ለሌላው ብዙ መቶ ዶላር ሲጠራ መስማት ለወላጅ ግራ ነው። ለልዩነቱ አንዱ ትልቅ ምክንያት ካርዱ የታተመበት ቋንቋ ነው።

ይህ ሲባል ግን አንዱ ቋንቋ ከሌላው ይከብራል ማለት አይደለም። ቋንቋው የሚመሰክረው ካርዱ የት፣ መቼና በምን ያህል ብዛት እንደታተመ ነው። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጨዋታውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። በዓመቱ ሌጀንድስ የተሰኘውን ስብስብ በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በ1995 ደግሞ ያንኑ በጣሊያንኛ። የጣሊያንኛው በብዛት ስለወጣ ዛሬም ከእንግሊዝኛው በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ሥዕሉ አንድ፣ የጨዋታ ሕጉ አንድ፣ በውድድርም ሁለቱም ይፈቀዳሉ።

ታዲያ ጣሊያንኛ ምንጊዜም ይረክሳል? አይረክስም። በ1994 ሪቫይዝድ የተባለው ስብስብ በእንግሊዝኛ ሲታተም የካርዶቹ ጠርዝ ነጭ ነበር። በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ መጀመሪያ የወጡት ግን ጥቁር ጠርዝ ነበራቸው፤ ቁጥራቸውም ውስን ነበር። ሰብሳቢዎች ጥቁሩን ጠርዝ ስለሚወዱ እነዚህን ከእንግሊዝኛው አስበልጠው ይገዛሉ። ያው ጣሊያንኛ በአንዱ ስብስብ ዋጋ ሲያወርድ በሌላው ያወጣል ማለት ነው።

በፖኬሞንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ካርዶቹ በጃፓን የወጡት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው እትም የመጣው በ1999 ነው። ቀድሞ የተወለደው የጃፓንኛው ቢሆንም፣ የመጀመሪያ እትም ማኅተም ያለበት የእንግሊዝኛ ቻሪዛርድ ካርድ፣ ምንም እንከን የሌለበት ተብሎ የተመሰከረለት፣ በ2022 በ420,000 ዶላር ተሽጧል። ገንዘብ ያለው ገዢ በልጅነቱ ያነበበውን ቋንቋ ይሻልና። በሌላ በኩል በ1997 እና በ1998 በጃፓን የሥዕል ውድድር ላሸነፉ ልጆች የተሸለመው የፒካቹ ኢለስትሬተር ካርድ በእንግሊዝኛ ጨርሶ አልታተመም። በይፋ የተሰጠው 39 ብቻ ሲሆን፣ አንዱ በ2021 በ5.275 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቷል። (ለወረቀት ይህን ያህል ማውጣት ኢስራፍ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።)

ለእኛ ቤተሰቦች ዋናው ጉዳይ የልጆቹ ግብይት ነው። የእንግሊዝኛውን ዋጋ አሳይቶ የረከሰውን የሌላ ቋንቋ እትም የሚሸጥ ሰው አለ። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ይገዛል። በአሜሪካ ይፋዊ የፖኬሞን ውድድር የሚፈቀደው የእንግሊዝኛ ካርድ ስለሆነ፣ የጃፓንኛውን የገዛ ልጅ ገንዘቡንም ጨዋታውንም ያጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ሻጩን ጠይቀውታል። በካርድ ገበያ ቋንቋውን መደበቅ እርጥቡን እህል ከሥር ማድረግ ነው። ሻጩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቢሆንም እንኳ ወላጅ ይህን ሊነግረው ይገባል። የተታለለው ልጅም ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው።

የታሸገው ፓኬት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ገዢው በውስጡ የትኛው ካርድ እንዳለ አያውቅም፤ ውድ ካርድ ይወጣልኛል ብሎ ይከፍላል። የሳዑዲ ዐረቢያ የሃይማኖት መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ፖኬሞንን ሲከለክሉ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ከቁማር ጋር መመሳሰሉ ነበር። ስለ ፓኬቱ ብይን የሚፈልግ ወላጅ በአካባቢው ያሉትን ዓሊሞች ይጠይቅ። በእኔ አመለካከት ግን ዓይነቱ፣ ቋንቋውና ይዞታው ታይቶ የሚገዛ አንድ ካርድና ያልተከፈተ ፓኬት እኩል አይታዩም።

በአማርኛ የታተመ የፖኬሞን ካርድ የለም፤ ስለዚህ ልጆቻችን ምንጊዜም የሚገበያዩት በሌላ ሰው ቋንቋ ነው። የካርድ ዋጋ ስታጣሩ ስሙንና ሥዕሉን ብቻ አትመልከቱ። የዋጋ ዝርዝሩ ስለየትኛው ቋንቋና ስለየትኛው ዓመት እትም እንደሚናገር እዩ፤ ከዚያም ካርዱን ገልብጡት። የጃፓንኛው ጀርባ ከእንግሊዝኛው የተለየ ንድፍ ስላለው ፊደሉን የማያነብ ልጅም ይለየዋል።