ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ለማን?



በቅርቡ ተረኛ ሆኜ ባደርኩበት ሌሊት አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸው አብጧል። ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው ሦስት ትራስ ደራርበው ነው የሚያድሩት። የልብ ድካም ታካሚ ናቸው፤ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ግን ደህና ነበሩ።

«እማማ፣ ሰሞኑን የተለየ ነገር አድርገዋል?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም ዶክተርዬ! ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት። በስልክ ያየነው ሐኪም በቀን 3 ሊትር ጠጡ አለ። ያ የሚያሸናው ኪኒን ደግሞ የጠጣሁትን ሁሉ ሲያስወጣብኝ ጊዜ ተውኩት።»

ልጃቸው ቪዲዮውን አሳየኝ። ውሸት የለበትም! የኩላሊት ጠጠር ላስቸገረው ሰው ውሃ በደንብ መጠጣት ጥሩ ምክር ነው። ልባቸው ለደከመ እናት ግን ትርፉ ውሃ ሳንባና እግር ላይ ይጠራቀማል።

መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ኢናላፕሪል ለብዙ የደም ግፊት ታካሚዎች ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነፍሰ ጡር ከወሰደችው ግን ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ትክክሉም ስህተቱም ተቀላቅሎ የሚጎርፈውን መረጃ «ኢንፎዴሚክ» ብሎት ነበር። ዛሬም በየቀኑ ስልካችን ላይ የሚፈሰውን ሁሉ ማጣራት አንችልም። ስለዚህ አንድን ምክር ከመተግበራችሁ በፊት (የዚህን ገጽ ምክር ጨምሮ!) እነዚህን ጠይቁ፦

✅ ለማን ነው የተነገረው? ዕድሜዬ፣ ያለብኝ ሕመም፣ እርግዝናዬ ታስቧል?
✅ ከምወስደው መድኃኒት ጋር ይስማማል?
✅ መጠኑ ስንት ነው? ለምን ያህል ጊዜ?
✅ ተናጋሪው የሚሸጥልኝ ነገር አለው?

መልሱን ካላወቃችሁ የሚከታተላችሁን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የታዘዘላችሁን ኪኒን ግን በቪዲዮ ምክንያት በጭራሽ አታቋርጡ።

⚠️ የልብ ድካም ያለበት ሰው ክብደቱ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ወይም እግሩ ካበጠ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

እማማ ከቀናት በኋላ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አሁን በአንድ ትራስ ነው የሚተኙት። ልጃቸውም ቪዲዮ ሲያይ መጀመሪያ ደውሎ ይጠይቀኛል 🙂

በቤታችሁ የልብ፣ የስኳር ወይም የግፊት ታካሚ ካለ ይህን አንብቡለት።

ጤና ይብዛላችሁ!