ገንዘብ በሚለይበት ቃልም ይለይ፦ ስለ ግራፊክስ ኮምፒውተር ክፍሎች ስያሜ

1. መግቢያ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በአመጣጡ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ተጠቃሚው በቃሉ አማካይነት አንዱን ዕቃ ከሌላው ለመለየት መቻሉም ዋና መመዘኛ ነው። ይህ መመዘኛ ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ የኮምፒውተር ክፍሎች ስያሜ ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በአማርኛ ለሙያ ቃላት ሰፊ መሠረት ጥሏል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ሰፈር ሱቅ ገብቷል፤ ስያሜውንም በአብዛኛው ያወጣው ገበያው ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘውን የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በአየር ጤና፣ በዓለም ባንክ፣ በቤቴልና በካራ ቆሬ መንገድ ዳር የጽሕፈት፣ የባነር፣ የስቲከርና የሠርግ ጥሪ ካርድ ሥራ ቤቶች ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ቤት በአነስተኛ ገንዘብ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የትኛውን የኮምፒውተር ክፍል አብልጦ፣ የትኛውን አሳንሶ ይግዛ የሚለው ነው። ምርጫውን የሚያደርገው ደግሞ በቃላት ነው። ቃሉ ሁለት ዕቃዎችን ካደባለቀ ገንዘቡም ያለ ቦታው ይውላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በአምስት ምሳሌዎች ማስረዳትና ለተርጓሚዎች የሚረዳ አንድ መመሪያ ማቅረብ ነው።

2. «ሚሞሪ» እና ማኅደር

በከተማው ንግግር «ሚሞሪ» ሲባል አንዳንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ ሥራውን የሚይዝበት ራም፣ አንዳንድ ጊዜ ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ፣ ሌላ ጊዜም በስልክና በካሜራ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ካርድ ማለት ነው። ሦስቱም የሚለኩት በጊጋባይት ስለሆነ አሻሚነቱ ይብሳል። «ሚሞሪው ስንት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ገዢ «አምስት መቶ» የሚል መልስ ቢሰጠው መልሱ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የተነገረው የዲስኩ መጠን ነው። ገዢው የጠየቀው ግን ስለ ራም ከነበረ፣ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለውን ዕቃ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ የኤ4 ገጽ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲዘጋጅ 2480 በ3508፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። ለኅትመት በሚያገለግሉት አራት ቀለማት ሲሰላ ገጹን የሚሸፍን አንድ ንብርብር 35 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይይዛል። ሃያ ንብርብር ሲደራረብ 700 ሚሊዮን፣ ገጹ ወደ ኤ3 ሲያድግ ደግሞ 1.4 ቢሊዮን ባይት ይሆናል። በዚህ ላይ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓትና ሥራን ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያዘው ቦታ ይጨመራል። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ራም ለመነሻ፣ 16 ጊጋባይት ደግሞ ለተረጋጋ ሥራ ተስማሚ ነው።

በአማርኛ በተተረጎሙ የስልክና የኮምፒውተር ገጾች ላይ ለዚህ ክፍል «ማህደረ ትውስታ» የሚል ስያሜ ይገኛል። ቃሉ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ሥሩ ሲመረመር ግን ችግር አለበት። ማኅደር የወጣው ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን፣ ትርጉሙም ኖረ፣ ሰነበተ፣ አደረ ማለት ነው። የመጽሐፍ መያዣ የሆነው የቆዳ ማኅደርም መጽሐፉ የሚያድርበት ነው። ራም ግን ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ቅጽበት የያዘውን ሁሉ ይለቃል። የሚያድረው ዲስኩ ነው። በመሆኑም ስያሜው የማያድረውን በሚያድረው ስም ጠርቶታል። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ አይደለም፤ የግማሽ ቀን ሥራ በማን ላይ እንደሚጣል የሚወስን ነው።

ስለዚህ «ራም» የሚለው የውሰት ቃል እንዳለ ቢቀጥልና ሲብራራ «የሥራ ገበታ» ቢባል፣ ለዲስክ ደግሞ «ማኅደር» ቢሰጥ የተሻለ ይሆናል። ገበታ ለሥራ ይዘረጋል፤ ሥራው ሲያበቃ ይነሣል። በገበታው ስፋትና በማኅደሩ ስፋት መካከል ያለውን ልዩነትም ማንኛውም ገዢ ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

የማኅደር ዓይነትም ሁለት ነው። አንደኛው ሳሕን እያሽከረከረ የሚያነብበው ሃርድ ዲስክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ነው። የመጀመሪያው በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፣ ሁለተኛው በዝቅተኛው ዓይነቱ እንኳ 500 ሜጋባይት ያህል ያነብባል። ገንዘብ ለሌለው ሰው ለዕለት ሥራ አነስ ያለ ኤስኤስዲ፣ ለቆየ ሥራ መዝገብ ደግሞ ሃርድ ዲስክ መያዝ ብልኅነት ነው። ሁለቱን «ፈጣን ማኅደር» እና «ተሽከርካሪ ማኅደር» ብሎ መለየት ይቻላል።

3. «ሲፒዩ» የሚባለው ሣጥን

በትክክለኛ ትርጉሙ ሲፒዩ ስሌት የሚያካሂደው አንድ ትንሽ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ንግግር ግን ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ሙሉ ሣጥን «ሲፒዩ» ይባላል። የዕለት ንግግር እንዲህ ክፍሉን ለሙሉው መስጠቱ በብዙ ቋንቋ የተለመደ ስለሆነ አያስነቅፍም። ተርጓሚ ግን ሊጠነቀቅ ይገባል። በመመሪያ ላይ «ሲፒዩውን ይቀይሩ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው አዲስ ሣጥን ለመግዛት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ለትንሹ ክፍል «ፕሮሰሰር»፣ ለሙሉው «ሣጥን» ማለት ይበቃል።

ለሚታተም ገጽ ሥራ ስድስት ኮር ያለው መካከለኛ ፕሮሰሰር በቂ ነው። ገዢው ይበልጥ ሊጠይቅ የሚገባው ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱና ራሙ የሚገጥሙ መሆናቸውን ነው፤ ለምሳሌ ዲዲአር4 የተባለው ራም ለዲዲአር5 በተሠራ ማስገቢያ አይገባም። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ራምና ኤስኤስዲ ለመጨመር የሚያስብም ይህን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

4. «ግራፊክስ» ሙያውና ካርዱ

«ግራፊክስ» በአንድ በኩል የሙያው ስም ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ የሚገባ ካርድ ስም ነው። ይህ የስም መገጣጠም ብቻውን ገዢን ወደ ወጪ ይገፋል፤ «ግራፊክስ የሚሠራ ሰው ግራፊክስ ያስፈልገዋል» የሚል ድምዳሜ በቀላሉ ይከተላልና። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለካርድ፣ ለባነር፣ ለመጽሐፍ ሽፋንና ለመሳሰለው ጠፍጣፋ ሥራ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የተለየ ካርድ የሚያስፈልገው በተለይ ለቪዲዮና በሦስት አቅጣጫ ለሚታይ ምስል ነው።

አብሮ የተሠራው ክፍል የራሱ ገበታ ስለሌለው ከዋናው ራም ላይ ይካፈላል። ስለዚህ «ተጋሪ ግራፊክስ» ቢባል ስሙ ራሱ ራም ጨምር የሚል ምክር ይሰጣል። ሁለተኛውን «ራሱን የቻለ ግራፊክስ» ማለት ይቻላል።

5. «ስክሪን»፦ ስፋትና ቀለም

በገበያ ስክሪን የሚጠራው በኢንች ነው። ለግራፊክስ ሠራተኛ ግን ከስፋት የቀለም ትክክለኛነት ይቀድማል። አይፒኤስ የተባለው ዓይነት ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙ አይለወጥም፤ ርካሹ ቲኤን ግን ይለወጣል። ስክሪን ቀለምን የሚፈጥረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በማዋሐድ ሲሆን፣ ማተሚያ ግን በወረቀት ላይ ቀለም በመደራረብ ነው። በመሆኑም በስክሪን የሚያበራ አረንጓዴ በባነር ላይ ደብዝዞ ሊወጣ ይችላል። ደንበኛና ሠራተኛ የሚጣሉበትን ይህን ጉዳይ ለማስረዳት «የብርሃን ቅልቅል» እና «የኅትመት ቅልቅል» የሚሉ ሁለት ስያሜዎች ያስፈልጋሉ።

6. «ስታብላይዘር» እና «ዩፒኤስ»

ሁለቱም ከግድግዳው ሶኬትና ከኮምፒውተሩ መካከል ስለሚቀመጡ አንዱ በሌላው ስም ሲጠራ ይሰማል። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው ሥራውን ወደ ማኅደር ለማስገባት የሚበቁ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጣል። የመጀመሪያውን «ኃይል አስተካካይ»፣ ሁለተኛውን «ኃይል ማቆያ» ብንል ስሙ ተግባሩን ይናገራል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች የሚገኘው መመሪያ አጭር ነው፤ ሁለት ዕቃዎች በዋጋና በተግባር ተለይተው ገዢው ከሁለት አንዱን መምረጥ ካለበት፣ ሁለት ስም ይኑራቸው። ምርጫ በሌለበት ግን የውሰት ቃል አያስፈራም። «ማውስ»ን ወይም «ማዘርቦርድ»ን በግእዝ መተካት ማንንም ከኪሳራ አያድንም፤ ራምን ከማኅደር መለየት ግን ያድናል።

የቀረቡት ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. ራም (የሥራ ገበታ)፦ በሥራ ሰዓት የሚያገለግል፣ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ የሚሆን።
ለ. ማኅደር፦ ፋይል የሚያድርበት፤ ፈጣን ወይም ተሽከርካሪ።
ሐ. ፕሮሰሰር፦ ስሌት የሚያካሂደው ክፍል፤ ከሣጥን የተለየ።
መ. ተጋሪ ግራፊክስ፤ ራሱን የቻለ ግራፊክስ።
ሠ. የብርሃን ቅልቅል፤ የኅትመት ቅልቅል።
ረ. ኃይል አስተካካይ፤ ኃይል ማቆያ።

ገንዘቡ ውሱን የሆነ ሰው በመጀመሪያ ለስክሪን፣ ለራምና ለፈጣን ማኅደር፣ ቀጥሎ ለፕሮሰሰርና ለኃይል ማቆያ፣ በመጨረሻ ለግራፊክስ ካርድ ቢመድብ ይበጀዋል። ይህን ምክር በአማርኛ የሚጽፍ ተርጓሚ ከስድስቱ ስያሜዎች አንዱን እንኳ ካደባለቀ ምክሩ ቅደም ተከተሉን ያጣል፤ የተሳሳተውንም ቃል ሒሳብ የሚከፍለው ገዢው ነው።