ቅጣቱ ዋጋ ሲሆን

ተራኪ፦ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ስም የሚጠራው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጧትና ከሰዓት ነው። በልጁ ስም ትይዩ ከሚሰፍሩት ምልክቶች አንዷ «ጂ» የምትባለው ፊደል ናት፤ ያለ ፈቃድ ለቤተሰብ ዕረፍት የቀረ ማለት ነው። በ10 የትምህርት ሳምንታት ውስጥ 10 ያልተፈቀዱ ምልክቶች ከተመዘገቡ፣ ማለትም ልጁ አምስት ቀን ከቀረ፣ የቅጣት ጥያቄ ይነሳል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ ቅጣቱ በ21 ቀን ውስጥ ለሚከፍል 80 ፓውንድ፣ እስከ 28ኛው ቀን ለሚያቆይ 160 ፓውንድ ነው። የሚጣለው በእያንዳንዱ ወላጅ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በመሆኑ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ቶሎ ቢከፍሉ እንኳ 320 ፓውንድ ይወጣቸዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተደገመ ቅናሹ ይቀራል፤ ሦስተኛው ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል።

እስከ 2013 ድረስ ርእሰ መምህራን ልዩ ምክንያት ላለው ቤተሰብ በዓመት እስከ 10 ቀን ፈቃድ መስጠት ይችሉ ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ይህ ተሰርዞ «እጅግ ለየት ያለ ሁኔታ» የሚል ጠባብ በር ብቻ ቀረ። የአይል ኦፍ ዋይት ነዋሪ የሆነ አንድ አባት በ2015 ልጁን ወደ ፍሎሪዳ ወስዶ ቅጣቱን አልከፍልም አለ፤ ልጄ ከ90 በመቶ በላይ ትማራለች ሲል ተከራከረ። በሁለት ፍርድ ቤቶች ቢያሸንፍም በሚያዝያ 2017 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ውሳኔውን ቀለበሰው። ውሳኔውን የጻፉት ሌዲ ሄል አዘውትሮ መማር ማለት በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት መገኘት ነው አሉ። ከውሳኔው ጀርባ ያለው ሐሳብ ጠንካራ ነው፤ ልጁ ሲመለስ መምህሩ ያለፈውን ለመድገም ይገደዳል፣ ሌሎቹም ልጆች ይጠብቃሉ። የመቅረት ጉዳት እውነት መሆኑን አንክድም። የምንጠይቀው ገንዘቡ ጉዳቱን ይከላከላል ወይ የሚለውን ነው።

ማስረጃው አይከላከልም ይላል። በ2023/24 የትምህርት ዓመት በእንግሊዝ ከ487 ሺህ በላይ የቅጣት ማስታወቂያዎች ወጥተዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ለዕረፍት በቀሩ ልጆች ምክንያት ነበር። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ይሰቀላል። ወላጅ ልዩነቱን አስልቶ ቅጣቱን ከጉዞው ወጪ ጋር ይደምረዋል። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በእስራኤል ሃይፋ ከተማ በ10 መዋዕለ ሕፃናት ያደረጉትና በ2000 ያሳተሙት ጥናት የዚህን ባሕርይ ምንጭ ያሳያል። ልጃቸውን አርፍደው በሚወስዱ ወላጆች ላይ መቀጫ ሲጣል የሚያረፍዱት ቁጥር በእጥፍ ገደማ አደገ፤ መቀጫው ከተነሳ በኋላም አልቀነሰም። ቀድሞ መምህሯን ማስቸገር ያሳፍር ነበር፤ ኋላ ግን የተከፈለበት አገልግሎት ሆነ። የእንግሊዙ ቅጣትም እንዲሁ ነው፤ ያውም እኩል የማይከብድ። 80 ፓውንድ ለባለ ጥሩ ደመወዝ የአንድ ምሽት እራት ነው፤ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ቢሮ ለምታጸዳ እናት የአንድ ቀን ገደማ ድካም ነው።

በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የሚነካ ነገርም አለ። ገና ታኅሣሥ 29፣ በእነሱ ጥር 7 ሲውል ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። የ1996ቱ የትምህርት ሕግ ወላጁ የሚከተለው ሃይማኖት ለይቶ ያከበረውን ቀን ስለሚጠብቅ በዕለቱ መቅረት አያስቀጣም። ጎንደር ያለችውን አያቱን አይቷት ለማያውቅ ልጅ ግን አንድ ቀን ምን ያደርጋል? የቀረው ሳምንት በርእሰ መምህሩ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ካልተፈቀደም ይህ ልጅና ርካሽ ትኬት ፍለጋ የተጓዘው ልጅ ያችኑ ፊደል ይካፈላሉ።

ቅጣቱ ከላላ ክፍሎች ባዶ ይቀራሉ የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዌልስ ርእሰ መምህራን ዛሬም እስከ 10 ቀን ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ ስኮትላንድም እንዲህ ያለ ቅጣት የላትም። እዚያ ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ የቀሪዎች ቁጥር ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ቅጣት ባለበት በእንግሊዝም በ2023/24 ከአምስት ተማሪዎች አንዱ ከትምህርት ጊዜው 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አልተገኘም። ለመቅረት ትልቁ ምክንያት ሕመም ነው፤ እሱን ደግሞ የመቀጫ ደብዳቤ አያድነውም።

ስለዚህ ቤተሰቡን የሚያውቀው ርእሰ መምህር የቀድሞ ሥልጣኑ ይመለስለት፤ ቸልተኛ ወላጅን የሚጠይቀው ሕግ ባለበት ይቆይ። የትኬት ዋጋ ለሚሰቀልበት ሳምንትም መላ አለ። ጀርመን ከትምህርት መቅረትን አጥብቃ ትከለክላለች፤ በባቫሪያ ፖሊስ በአውሮፕላን ማረፊያ ልጆችን እስከመፈተሽ ደርሷል። ያም ሆኖ ክፍለ ግዛቶቿ የበጋ ዕረፍታቸውን በተለያየ ሳምንት ስለሚጀምሩ አገሩ በሙሉ በአንድ ቅዳሜ ለጉዞ አይነሳም። በእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶችና አካዳሚ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች የመዝጊያ ቀናቸውን የመወሰን ሥልጣን በእጃቸው አለ። ጎረቤታሞች ተነጋግረው ቀኑን ቢያፈራርቁ አዲስ ሕግ አያስፈልጋቸውም።