የባትሪ ልጓም

የአዊ ሕዝብ በፈረስ አያያዝ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ልጓም ለምን እንደሚያስፈልግ ለኢንጅባራና ለዳንግላ ሰው ማስረዳት አያሻም። የፀሐይን ኃይል አጠራቅሞ ለሌሊት የሚሰጠው የሊቲየም ባትሪም ልጓም አለው፤ ይኸውም ኃይሉን ራሱ መጥኖ የሚያስገባና የሚያስወጣ ተቆጣጣሪ ነው።

ተቆጣጣሪው እያንዳንዱን የባትሪ ሕዋስ ይጠብቃል። ከብረትና ከፎስፌት በተሠራው የሊቲየም ባትሪ አንዱ ሕዋስ 3.65 ቮልት ሲደርስ መሙላቱን ያቆማል፤ ወደ 2.5 ቮልት ሲወርድም መብራቱን ይቆርጣል። አራት ሕዋሳት በአንድ መሥመር ቢያያዙ፣ ሦስቱ ገና ኃይል ሳላቸው አንዱ ከደከመ ሁሉንም ያሳርፋል።

ጭንቁ የሚመጣው በክረምት ነው። ደመና ፀሐይን በሸፈነ ጊዜ ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል፤ መብራቱም ገና በጊዜ ይጠፋል። ባለቤቱ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሽቦውን ተቆጣጣሪውን አሳልፎ በቀጥታ ከባትሪው ያገናኘዋል። ለዚያች ሌሊት በእርግጥ ብርሃን ያገኛል፤ ልጓም ያወለቀ ፈረሰኛም ለጊዜው ይፈጥናል። ነገር ግን ኃይሉ ከልክ በታች በተሟጠጠ ሕዋስ ውስጥ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ ባትሪው እንደገና ሲሞላም መዳቡ በማይገባው ስፍራ ረግቶ ውስጡን ያገናኘዋል፤ ይህም ባትሪውን ከመግደል አልፎ እስከ እሳት ሊያደርስ ይችላል። ቤቱም ወደ ኩራዝ ይመለሳል።

እንግዲህ ዕቃውን ለገበሬው የሚያስረክብ ሁሉ፣ ሹምም ቢሆን ነጋዴ፣ ይህን በአማርኛም በአዊኛም አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ተቆጣጣሪው የቆረጠው መብራት ፀሐይ ወጥታ ባትሪው ኃይል ሲያገኝ በራሱ ይመለሳል።