ውሻ ሲያላዝን ማን ይሞታል?

ውሻ ሌሊት ሲያላዝን ሰው ይሞታል፤ ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ከቤቱ አንድ ሰው ይጎድላል፤ ዓይኑ ሳይከደን የሞተ ሌላ ሰው አስከትሎ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ይህን የሰማነው በልጅነታችን፣ ለቅሶ ቤት ጓዳ ውስጥ ንፍሮ እየዘገንን ነው። አያቶቻችን ያዩት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር። የተሳሳተው የሰጡት ምክንያት ነው።

ውሻ የሚያላዝነው ከሩቅ ለሰማው ውሻ ሲመልስ፣ ብቻውን ሲቀር ወይም ሲያመው ነው። ረዘም ያለ የጥሩምባ ድምፅም ያስጮኸዋል፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደግሞ ሞት ሊያውጅ የሚዞረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ጉጉትም ወደ ጎተራና ጣሪያ የምትመጣው አይጥ ፍለጋ ነው። ታማሚ ያለበት ቤት ሰው ነቅቶ ስለሚያድር ድምፅዋን ይሰማል፤ ጤነኛው ጎረቤት ተኝቷል። ጮኻ ማንም ያልሞተባቸውን ሌሊቶች ደግሞ ቆጥሮ የያዘ የለም።

ስለ ዓይኑ ገናዦችን ማየት ይበቃል። ሰው ሲሞት ጡንቻው ሁሉ ስለሚላላ ሽፋሽፍቱ ገርበብ ብሎ ሊቀር ይችላል፤ የሚጠራው ሰው ኖሮ አይደለም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሰውነት መድረቅ ይጀምራል፤ ቀድመው የሚደርቁት ሽፋሽፍትና መንጋጋ ናቸው። ለዚህ ነው ገናዦች ቶሎ ብለው ዓይን የሚከድኑት፣ አገጭ በጨርቅ የሚያስሩት፣ የእግር አውራ ጣቶችን አጋጥመው በክር የሚቋጥሩት። ሬሳውን ሲያገላብጡት የሚሰማው ሲቃም ሳንባ ውስጥ የቀረ አየር ሲወጣ ነው። ጥፍር ከሞት በኋላ አያድግም፤ ቆዳው ደርቆ ሲሸሽ የረዘመ ይመስላል።

ከቀብር መልስ ሞት እንዳይከተል እጅ መታጠብ ግን መልካም ልማድ ነው። አብዛኛው ሬሳ በሽታ አያስተላልፍም፤ በኮሌራ፣ በኢቦላ ወይም በማርበርግ የሞተ ግን ያስተላልፋል። ያን ጊዜ መገነዙም መቅበሩም ለጤና ባለሙያ ይተው።

«መርዶ ድንገት የተነገረው ሰው ልቡ ይቆማል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ወደ እውነት ይጠጋል። በ1990 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሐኪሞች ከድንገተኛ ሐዘን በኋላ ልብ ለጊዜው የሚዳከምበትን ሕመም ገለጹ፤ ታኮትሱቦ ይባላል። በብዛት የሚታየው የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ ሲሆን አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። በቅርብ ሰው ሞት ሰሞን የልብ ድካም አደጋም ይጨምራል። እንግዲህ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰውየውን ከቦ መርዶ የሚያረዳው በከንቱ አልነበረም። ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉ ወገኖቻችንም ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ በር ያንኳኳሉ። ዛሬ ግን አንዱ ቸኩሎ የሟችን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፍና ልጅየው የእናቱን ሞት አውቶቡስ ውስጥ ብቻውን ያነባል። ይህ ጭካኔ ነው። እባካችሁ ቤተሰቡ መረዳቱን ሳታረጋግጡ አትለጥፉ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ «ልጅ ሞትን ማወቅ የለበትም» የሚለው ነው። «አባዬ ውጭ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ በር በር ያያል፤ ሳይሰናበተኝ ለምን ሄደ ብሎም ይቀየማል። «ተኝቷል» የተባለው መኝታ ይፈራል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብዙዎቹ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ገና አይገባቸውም፤ ስለዚህ ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ ደጋግሞ መመለስም ያስፈልጋል። በእኔ ጥፋት ነው ብለው የሚያስቡም አሉ። አቅፋችሁ በግልጽ ንገሩት፦ አባዬ ሞቷል፤ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ አሁን አያመውም፤ ተመልሶ አይመጣም፤ አንተ ያደረግኸው ነገር የለም። ከዚያም ማታ ማን አጠገቡ እንደሚተኛ፣ ነገ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው ንገሩት።