የግጭ መንደር ኑሮና ልማድ

ከጐንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ያደረ መንገደኛ ብርዱን ቀምሶ «ከዚህ በላይ ሰው አይኖርም» ይል ይሆናል። ነገር ግን በሳንቃበር በኩል አልፎ፣ የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ፣ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ የግጭ መንደር ነበረች።

ነዋሪዎቿ እስላሞች ነበሩ። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ በቀድሞው ዘመን በክርስቲያኑ ደጋ እስላም ርስት ለማግኘት ስለሚቸገር አብዛኛውን ጊዜ በሽመናና በንግድ ይተዳደር ነበርና። የግጭ ሰዎች ግን በሬ ጠምደው የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ።

በዚያ ከፍታ ጤፍ አይሆንም። ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ሁሉ ነገር በገብስ ላይ የቆመ ነበር፤ እንጀራው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ ለመንገድ የሚያዘው በሶም ገብስ። ገብስ የጠፋ ዓመት የቀረው ተስፋ በግ ሸጦ ከቆላ እህል መሸመት ነው። ቤቱ ክብና ሣር ክዳን ሆኖ ከብቱም በዚያው ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ሙቀቱ ለሰው ይተርፋል። እረኛው ደበሎ ይደርባል።

ከሁሉ የከፋው የማገዶ ችግር ነው። ዛፍ በማይበቅልበት በሰሜን ዋልታ ጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች ባሕር ገፍቶ ያመጣላቸውን ግንድ ይለቅሙ ነበር። ግጭ ባሕር የላትም፤ ኩበት ሲያልቅ የሚቆረጠው አስታ ነው። አስታው ሲመነጠር፣ ተዳፋቱም ሲታረስ አፈሩ ታጠበ። ስዊሳዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ በስሜን ባደረገው ጥናት አፈሩ ከሚፈጠርበት ይልቅ የሚታጠብበት ፍጥነት እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

የስሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ከዋልያው ማነስና ከእርሻው መስፋፋት የተነሣ አደጋ ላይ ካሉት ተቈጠሩ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ሰዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ዳር ወረዱ፤ በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ስለ አፈሩ የተባለው እውነት ነው፤ እኔም አልከራከርም። ሆኖም ስለ ዋልያው ቍጥር የተጻፈውን ያህል ስለ ግጭ ሰዎች ልማድ አልተጻፈም። ውርጩን አይተው የዘሩን ቀን የሚቈርጡት ሽማግሌዎች ዛሬ የሚኖሩት በከተማ ዳር ነው። ልጆቻቸው የሚማሩት ሌላ ሥራ ነው። ለጥናት የሚወጣ ተማሪ ወደ ተራራው ሳያልፍ አስቀድሞ እነርሱን ቢጠይቅ ይሻላል።